ጥር 3 እና 4፦ ደሴ ላይ ፊልም ያሳየን ጊዜ

ዘጠኝ ሰው። እሁድ ጥር 4፣ 2017 ዓ.ም. አመሻሽ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ አዳራሽ ውስጥ ፊልም ለማየት የተቀመጥነው ዘጠኝ ነበርን። ከዘጠኙ ሦስታችን ደግሞ ከፋይ አይደለንም፤ የአክስቴ ልጅ፣ እኔ፣ ሳምንቱን ሙሉ ፖስተር ሲለጥፍልን የከረመው ጎረምሳ። ከፍለው የገቡት ስድስት ናቸው። አዳራሹ ስንት ሰው እንደሚይዝ አልጽፍም፤ ያሳፍራል።

ሰው ለምን ሲኒማ ቤት መሄድ ተወ ሲባል ሁሉም መልስ አለው። «ስልክ ነዋ!» እኔም ስንት ጊዜ ብያለሁ። የእነዚያ ሁለት ቀናት ነገር ግን ከዚህ መልስ ጋር አልገጥም አለኝ። ስለዚህ ሂሳቡንም፣ የተሳሳትንበትንም፣ ከዚያ በኋላ ሰው ጠይቄ የሰማሁትንም እንዳለ ላስቀምጠው። የአክስቴ ልጅ ፈቅዷል። «ስሜን ብቻ እንዳታነሳ» ብሏል።

የአክስቴ ልጅ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው። ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል፤ ፊልም ግን ነፍሱ ነው። አዲስ አበባ ዕቃ ሊያወርድ በሄደበት አንድ ፕሮዲውሰር አገኘና አንድ የአማርኛ ፊልም ደሴ ላይ ለሁለት ቀን፣ በቀን ሁለቴ ሊያሳይ ተስማማ። ከትኬት የሚገኘው ለሁለት እኩል ይካፈላል፤ የአዳራሹ ኪራይና ማስታወቂያው በእኛ። ፊልሙ አዲስ አበባ መታየት ከጀመረ ሦስት ወር አልፎታል። ይቺን ሦስት ወር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ፋይሉን እንዲሁ አይልኩልህም። አንድ ልጅ ሀርድ ዲስኩን ታቅፎ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን አረፈ፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ እኛ ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ከሀርድ ዲስኩ አልተለየም። ምሳ ሲበላ ጭኑ ላይ ነው። ፊልሙ ሲታይ ደግሞ በር ላይ ቆሞ የተቆረጠውን ትኬት ይቆጥራል። መጀመሪያ ሳቅንበት፤ በኋላ ግን አልፈረድንበትም። ክፍለ ሀገር የወጣ ፊልም በማግስቱ ሚሞሪ የሚጭን ሱቅ ውስጥ የተገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ቀኑንም የመረጥነው ተጨንቀንበት ነው። የገና ጾም ተፈቷል፣ ጥምቀት ሳምንት ቀርቶታል፣ ረመዳን ገና ነው። ደሴ ላይ አዳራሽ የሚከራይ ሰው የሁለቱንም ሃይማኖት አቆጣጠር ካላየ አለቀለት። እኛ ሁለቱንም አይተናል። ያላየነው ሦስተኛውን ነው፤ የእንግሊዝ ኳስ ፕሮግራም።

ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ 137 ሰው ገባ። የአክስቴ ልጅ እጁን እያፋተገ «ነገ ወንበር መዋስ ሳይኖርብን አይቀርም» ሲለኝ አሁንም ይታየኛል። ምስጢሩ ግን ሌላ ነበር። ከተዋናዮቹ አንዱ የደሴ ልጅ ነው፤ ለገና ቤተሰብ ሊጠይቅ መጥቶ ስለነበር ለምነን አስገኘነው። ሞንታርቦ የጫነችው መኪና ከሸዋ በር እስከ ቧንቧ ውሃ ስሙን እየጠራች ዞረች። ወጣቱ በር ላይ ተሰልፎ አቀፈው፣ ሰልፊ ተነሳ፣ ተንጫጫ። ከዚያ መብራት ጠፍቶ ፊልሙ ሲጀምር ሃያ የሚሆኑት ፎቷቸውን ይዘው ውልቅ! 100 ብር ከፍለው እኮ ነው። አንዷን በር ላይ አግኝቼ «ፊልሙስ?» አልኳት።

«ዩቲዩብ ላይ ይለቀቅ የለ? ያኔ አየዋለሁ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ያኑ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተዋናዩ የለም። 23 ሰው። እሁድ 8 ሰዓት 41 ሰው መጣ፤ አብዛኞቹ ጥንዶች ናቸው፣ የኋላውን ረድፍ ነው የሞሉት፣ ፊልሙን ምን ያህል እንዳዩት ፈጣሪ ይወቀው። ግን እነሱ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? ደሴ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ሰው ሳያያቸው ጎን ለጎን ሁለት ሰዓት የሚቀመጡበት ቦታ ስንት አለ? አንድ ጓደኛዬ ሲኒማን በሕይወት ያቆየው ፍቅር ነው ይላል፤ የሚያወራው ስለ ፊልም ታሪክ እንዳይመስላችሁ።

ከዚያ እሁድ 11 ሰዓት ተኩል። ዘጠኙ።

ፊልማችን በተጀመረ በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ 12 ሰዓት ላይ፣ አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድ በኤፍኤ ካፕ ሦስተኛ ዙር ተገናኙ። ከአዳራሹ ጀርባ ኳስ የሚያሳይ ቤት አለ። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል እናትየዋ የልጇን ፎቶ ታቅፋ ስታለቅስ፣ ከግድግዳው ማዶ «ጎሎሎል!» ተባለ። የዩናይትዱ ብሩኖ አግብቶ ነው። ከስድስቱ ከፋዮች ሁለቱ ተያዩ፣ ጎንበስ ብለው ወጡ። እኛም ፊልሙ እንዳለቀ ተከትለን ሄድን፤ ምን እንሰራለን? ከኋላ ቆመን እስከ መለያ ምት አየን። ዩናይትድ በ10 ሰው ተጫውቶ 1 ለ 1 ወጣ፣ ከዚያ 5 ለ 3 አሸነፈ። የአክስቴ ልጅ የአርሰናል ደጋፊ ነው። በአንድ ማታ ሁለቴ ተሸነፈ።

ሂሳቡ ይኼን ይመስላል። በአራቱ ትርኢት የገባው 210 ሰው፣ የከፈለው 207፣ ገቢው 20,700 ብር። የእኛ ድርሻ 10,350። የአዳራሽ ኪራይ 12,000፣ ፖስተርና ሞንታርቦ 5,500፣ የጄኔሬተር ነዳጅ 2,000፣ የእንግዶቹ አልጋና ምግብ 4,000፣ ድምር 23,500። ኪሳራ 13,150 ብር። ስንት ቆርቆሮ እንደሚያወጣ የአክስቴ ልጅ ወዲያው ነግሮኛል፣ እዚህ መድገም አልፈልግም።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ያ የኳስ ቤት ነው። ደሴ ነች፣ ጥር ነው፣ ብርዱ አጥንት ይበላል። ከመቶ የሚበልጥ ሰው መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ፣ 30፣ 30 ብር ከፍሎ፣ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ቁጭ ብሏል። ሁሉም ኪሱ ውስጥ ስልክ አለ። «ሰው ከቤት መውጣት ተወ፣ አብሮ ማየት ተወ፣ ማታ ይፈራል» የምንለው ሁሉ እዚያ ቤት ውስጥ አይሰራም።

ስልክ ነው ገዳዩ የሚለው ነገር እኛ አገር እንደሌላው በወሬ ብቻ የቀረ አይደለም፣ ተሞክሯል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ቲክቶክ የለ፣ ቴሌግራም የለ፣ ዩቲዩብ የለ። ጥፋቱ የስልክ ከሆነ ያኔ አዳራሹ መሙላት ነበረበት። የሞላው ግን ፍላሽና ሚሞሪ የሚጭነው ሱቅ ነው። እርግጥ ፈተናው ንጹሕ አይደለም፤ ሐምሌ 28፣ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ስለነበር ማታ የሚባል ነገር አልነበረንም። ቢሆንም ሰዓት እላፊው ቀን 8 ሰዓትን አይነካም ነበር። የ8 ሰዓቱም አልሞላም።

በኋላ ሳስበው ያ አዋጅ ብቻውን አልመጣም። መጋቢት 2012 ኮቪድ ገባና መሰብሰብ ቀረ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከተማችን ደረሰ፤ ደሴና ኮምቦልቻ ተያዙ፣ ኅዳር 27 እስኪመለሱ ስንቱ ንብረት ተዘረፈ፣ ስንቱ ቤቱን ጥሎ በእግሩ ወጣ። ትንሽ ተንፈስ ሲባል ደግሞ የ2015ቱ መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ተነስቶ ሲኒማ መሄድ ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ታላቅ ለታናሽ፣ ጓደኛ ለጓደኛ የሚያሲዘው ነገር ነው። በ2017 ላይ 17 ዓመት የሆነው ልጅ ኮቪድ ሲገባ 12 ዓመቱ ነበር። ማን ይውሰደው? ለመልመድ ዕድሉን ሳያገኝ «ሲኒማ ተወ» ስንለው ትንሽ ግፍ ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑም ይታወቅ። አሜሪካ ውስጥ በ2002 እ.ኤ.አ. ከ1.5 ቢሊዮን በላይ የሲኒማ ትኬት ተሸጦ ነበር፤ በ2019፣ ኮቪድ ገና ሳይታሰብ፣ 1.2 ቢሊዮን ገደማ ላይ ወርዷል። እዚያ ትልቁ ክርክር ፊልሙ በሲኒማ ብቻ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ድሮ ሦስት ወር ያህል ነበር፣ አሁን አንዳንዱ በ45 ቀን፣ አንዳንዱ ከዚያም ባነሰ ጊዜ ቤትህ ይገባል። ተመልካቹም ይኼን አውቆ ይጠብቃል።

አሁን ወደዚያች ሦስት ወር ልመለስ። አሜሪካዊው ፊልሙ ሲኒማ ቤት በገባ በስንተኛው ቀን ስልኬ ላይ ይደርሳል ብሎ ነው የሚያሰላው። የደሴ ሰው ግን ሦስት ወሩን አዲስ አበባ በልታዋለች። ፊልሙ እኛ ጋ ሲደርስ በተሰረቀ ቅጂ ሚሞሪ ላይ ካልተገኘ ዩቲዩብ ላይ ሊለቀቅ ሳምንታት ነው የቀረው። ደሴ አዳራሽ ሳይገባ ደሴ ኪስ ይገባል። ሰልፊ ተነስታ የወጣችው ልጅ ቀልደኛ መስላኝ ነበር፤ ለካ ከእኔና ከአክስቴ ልጅ በተሻለ ገበያውን ታውቀዋለች።

ፕሮዲውሰሩ ላይም መፍረድ ከበደኝ። በስልክ ሳወራው በግልጽ ነገረኝ። የፊልሙን ዋና ገቢ የሚጠብቀው ከዩቲዩብ ነው፤ ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ዋናው ተመልካች ውጭ አገር ያለው ሐበሻ ነው፣ ክፍያውም በዶላር ይታሰባል። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ዋሽንግተን ሶፋ ላይ የተኛ አንድ ተመልካች ለፕሮዲውሰሩ በብር ሲመነዘር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የደሴ ትኬት እዚያው 100 ብር ላይ ነው፣ ከሱም ግማሹ ብቻ ይደርሰዋል፣ ለዚያውም ልጅ ልኮ፣ ሀርድ ዲስክ አስታቅፎ። እኔም ብሆን ቅድሚያ የምሰጠው ለዋሽንግተኑ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት እንደ ልማዴ ሰው ስጠይቅ ሰነበትኩ። ጎረቤታችን እትዬን፣ ድሮ ባለቤታቸው በየወሩ ሲኒማ ይወስዷቸው የነበሩትን፣ ቡና እያፈሉ አገኘኋቸውና ለምን እንዳልመጡ ጠየቅኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ይኼው አቦሉን ሳልጨርስ አንዷ ታገባለች፣ ቶናው ላይ ትፈታለች፣ በረካው ላይ ትታረቃለች። 100 ብር ከፍዬ ብርድ ልመታ?»

የሚያዩት ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ብዙ ሰው ያልተገነዘበው ነገር ያለ ይመስለኛል። የአማርኛ ፊልም አዳራሽ የሚሞላው በሴቱ ነበር። ፊልሙን የምትመርጠው እሷ፣ ቀኑን የምትወስነው እሷ፣ ከፋዩ እሱ። ድራማው በየቀኑ በነፃ ሳሎን ሲገባ መጀመሪያ የቀረችው እሷ ናት። ወንዱ ብቻውን የፍቅር ፊልም ሊያይ አይሄድም፤ እሱ ኳስ ቤት ገባ። ደሴ ላይ የኳስ ቤቱ ወንድ ብቻ፣ ሳሎኑ ሴት ብቻ የሆነው እንዲህ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስቀምጥ አዳራሽ ባዶውን ቀረ።

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሰራ ልጅም ጠየቅኩ፣ የጓደኛዬ እህት ናት። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሩቅ የሚባል አይደለም። «ፊልም አይቼ ማታ በሐረጎ ልመለስ? አብደሃል እንዴ!» አለችኝ። ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉም ሲወርድበት በቀንም ያስፈራል። ከመኖሪያ ጓደኞቿ ጋር ሆነው በአንድ ስልክ፣ አልጋ ላይ ተደርድረው ያያሉ። «ለአራት አንድ ስልክ፣ ይኼ ሲኒማ አይደለም?» ስትል መልስ አጣሁ።

ከሁሉም የጠቀመኝ የኳስ ቤቱ ባለቤት ነው። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ድሮ ቪዲዮ ቤት ነበረው፤ የህንድ ፊልም በካሴት ያሳይ ነበር። ያኔም ሲኒማ ቤቱን ገደልከው ብለውት እንደነበር በኩራት ይናገራል።

«ሰው እኔ ጋ ኳስ ሊያይ የሚመጣ እንዳይመስልህ» አለኝ። «ሊጨቃጨቅ ነው። ኳሱ ዛሬ ካልታየ ነገ የለም፤ ነገ ውጤቱን አውቀህ ምን ብለህ ትጨቃጨቃለህ? ያንተ ፊልም ግን አይቸኩልም። ሰውየው የዛሬ ወርም ያው ነው የሚሞተው።»

ከዚያ ደግሞ እየሳቀ ቤቱ ከየሰው ደጃፍ አምስት ደቂቃ መሆኑን ነገረኝ። በየሰፈሩ እንደሱ ያለ ቤት አለ፣ በሆጤም በሰኞ ገበያም። በእግርህ ሄደህ በእግርህ ትመለሳለህ። የእኛ አዳራሽ ፒያሳ ነው፤ ለሁለት ሰው ትኬት 200፣ ባጃጅ ሄዶ መመለሻ፣ ከተገኘ፤ ሻይ ቡና ሳይባል አይቀርም። ማታ መፍራቱ እውነት ነው፤ ሰው የሚፈራው ግን መንገዱን ነው። አምስት ደቂቃውን ማንም አይፈራም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይኼ ከተማ ኪነት የማይወድ ከተማ እንዳይመስልብኝ። ከአራቱ የአገራችን ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ያገኙት ከእኛው ከወሎ ነው። የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድንን ዘመን ያዩ ሰዎች ስለዚያ ሲያወሩ ዓይናቸው ያበራል። ያ ኪነት ደግሞ ልክ እንደ ኳሱ ነበር፤ መድረክ ላይ የቆመችው ድምፃዊት ዛሬ ማታ ናት፣ ነገ ባቲ ወይም ወልድያ ትሄዳለች። ቅዳሜ የመጡት 137 ሰዎችም በዚያው መንፈስ ነው የመጡት። ተዋናዩ ነገ ይሄዳላ!

የተሳሳትነው ብዙ ነው። ተዋናዩን ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ ጨረስነው፤ ፊልሙ ሲያልቅ መድረክ ላይ አውጥተን ብናስጠይቀው፣ ሰው ቢከራከረው፣ ሃያዎቹም ባልወጡ። የኳስ ፕሮግራም አላየንም፤ ይኼንን የአክስቴ ልጅ እስካሁን ለራሱ ይቅር አላለም። የአንድ ልጅ ትኬት ዋጋ ለይተን አላስቀመጥንም፤ እሁድ ሦስት ልጆቹን ይዞ የመጣ አባት በር ላይ ቆሞ ሲያሰላ አይቼዋለሁ፣ ገባ፣ ግን ፊቱ ደስ አላለውም።

በመጨረሻ የአክስቴ ልጅ ፕሮዲውሰሩን ደውሎ ለመነው። ሀርድ ዲስክ ታቃፊው ልጅ ጥምቀትን ሊያከብር እዚሁ ቀርቷል፣ ፊልሙም ዩቲዩብ ላይ ለመለቀቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አንድ ቀን ብቻ፣ በኳስ ቤቱ፣ በ30 ብር። ፕሮዲውሰሩ «ከኪሳራህ ላይ ይቀነስልህ» ብሎ ድርሻውን ተወለት። ለጋሼ «ሐሙስ ይሁን» ስንለው «ሐሙስማ ዩናይትድ አለ» አለን። ዓርብ ሆነ።

ስክሪኑ ቴሌቪዥን ነው፣ ትልቅ የሚባል፣ ግን ቴሌቪዥን። አግዳሚው ያው ነው። 58 ሰው መጣ፤ ከነሱ ውስጥ ደርዘን የሚሆኑ ሴቶች ነበሩ፣ ጋሼ በዚያ ቤት አይቶ አያውቅም፣ ሮጦ ከቤቱ ወንበር አመጣላቸው። ሰው ዝም ብሎ አላየም። ባልየው ሲዋሽ «ተው አንተ!» ይባላል፣ ልጅቷ በሩን ልትከፍት ስትል «አትክፈችው!» ይባላል፣ እንደ ኳስ ነው የሚጮኸው። እናትየዋ ፎቶውን ልታነሳ ስትል መብራት ጠፋ።

የሚወጣ ይኖራል ብዬ በሩን አየሁ። ማንም አልተነሳም። ጄኔሬተሩ እምቢ ብሎ ሃያ ደቂቃ ያህል ጨለማ ውስጥ ቆየን፤ ያ ሁሉ ሰው ሟቹ ልጅ ጥፋተኛ ነው አይደለም እያለ ተከራከረ፣ አንዷ ሴት እናትየዋን ስትሳደብ ከፊት ያለ ሽማግሌ ተቆጣት፣ እሷም መለሰችለት። መብራት ሲመጣ ክርክሩ ገና አላለቀም ነበር። ጋሼ ሪሞቱን አንስቶ ሊያስቀጥል ሲል ከመሃል አንድ ልጅ ጮኸ፦

«ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ኋላ መልሰው!»